የጅግራዋ አንገት

ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዴር ሰማታር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ወረቀት አንተንም አክስቴ በድሪያንም በደህና እንዲያገኛችሁ አላህን እለምናለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና ሳይጀምር ስለ ብርዱ ማማረር ጀምሬአለሁ።

ጆሮህ ስልክ አይሰማም። በበድሪያ ስልክ ልጻፍልህ ስል ደግሞ «የኔን ነገር በሰው ስልክ ላይ አትጻፊ» አልክ። ስለዚህ ይኸው እንደ ድሮ ሰው እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። አማርኛዬ ቢወላገድ ይቅር በለኝ፤ ሶማሊኛችን ለአፍ ነው፣ ወረቀት ላይ ያስተማሩን አማርኛ ነው።

አንተና አባቴ የወንድማማቾች የልጅ ልጆች ናችሁ እንጂ ወንድማማቾች አይደላችሁም። ግን አባቴ ካለፈ ወዲህ አዴር ብዬ የምጠራው አጎት የቀረኝ አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ እንደ አጎት እጨቀጭቅሃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ድሬ ስመጣ ሳሎናችሁ ያለውን የመስታወት ክፈፍ ፎቶ አንስቼው ነበር፤ ያንን የወይን ሐረግ የሚዞረውን። ሰሞኑን ለማርጋሬታ አሳየኋት። ማርጋሬታ የሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፣ በየዓመቱ የእንጨት ሥራ ኤግዚቢሽን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ፎቶውን አጉልታ አየችው። ከዚያ «ይህን የሠራው ሰው በሕይወት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ፣ ድሬ መጋላ ሰፈር ነው፣ ሲናገሩት አይሰማም አልኳት። አንድ ሥራ እንድትልክ ትፈልጋለች። ግን ዘንድሮ ርዕሱ እንስሳትና ወፎች ስለሆነ ክፈፍ አይሆንም። ወፍ ወይም ሌላ ፍጥረት ይሁን ትላለች።

አዴር፣ በሠራሃቸው በሮች ሁሉ ላይ የባለቤቱ ስም እንጂ ያንተ ስም የለም። አንድ ቦታ ላይ ስምህ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ። እሺ በለኝ።

ልጅህ ቢላን

*

ድሬ ዳዋ
ኅዳር 2 ቀን 2017

ለአዴር ቢላን፣

አዴር ብለሽኛልና እኔም በወጋችን አዴር ብዬ እመልስልሻለሁ። አላህ ከብርዱም ከሰዉም ይጠብቅሽ። በድሪያ ጉልበቷን እያመማት ነው፤ ሰላም ትልሻለች። ወረቀትሽን ከዚራ ሰፈር ፖስታ ቤት ሄጄ ተቀበልኩ፣ ስመለስ ጥላ ጥላውን ይዤ በእግሬ መጣሁ። ለመቶ ሜትር ሦስት ጊዜ አረፍኩ።

ደክሞኛል፣ ላሳጥርልሽ። ከሰው ቤት ዕቃ መሥሪያ ወጥቼ የራሴ ሰው ልሁን ካልኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጋዙ ማሽን ጆሮዬን በላ፣ ጆሮዬ ሲያልቅ እኔም ወጣሁ። አሁን ከቤቴ በር ላይ ተቀምጬ በእጄ እቀርጻለሁ። ሥራው ግን አልቋል። ሰዉ የብረት በር ይገዛል፣ አበባው ከነቀለሙ ታትሞበት ይመጣል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የሠራሁለትን ቁም ሣጥን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ምን ሆነ ስለው «ይህን ቅርጽ ላግልኝ» አለኝ። ለምን? «አቧራ ይይዛል፣ ሚስቴ መወልወል ሰለቻት።» ላግኩለት። የአንድ ወር ሥራ በግማሽ ቀን ለሰለሰ። ምን ላድርግ።

ስለ ወፉ ጉዳይ ግን አይሆንም። መምህሬን ዐብዲሐኪምን አታውቂውም፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው የሞተው። ሐረር ሄጄ ከሱ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት መሮ መሳል ብቻ ነበር ሥራዬ፤ ቅጠል እንድቀርጽ የፈቀደልኝ በሦስተኛው ነው። ቅጠል፣ ኮከብ፣ ሐረግ፣ ሰንሰለት አስተማረኝ። «ዓይን ያለው ነገር አትቅረጽ» ይለኝ ነበር። «ከቀረጽክ ቂያማ፣ የፍርዱ ቀን፣ ‹ሩሕ ንፋበት፣ ነፍስ ዝራበት› ትባላለህ። ያኔ ምን ትላለህ?» እኔም ምን እንደምል ስለማላውቅ አርባ ዓመት ዓይን ሳልቀርጽ ኖርኩ።

ክፈፍ ካልፈለጉ የቁርአን ማስቀመጫ ልላክላቸው። እሱንም ካልፈለጉ ሰላም ይሁኑ። ሌላው ደግሞ ቀጭኑ መሮዬ በመሳል ብዛት አልቆ የጥፍር ያህል ቀርቷል፤ ወፍ ብቀርጽ እንኳ በምን እቀርጻለሁ?

አዴርሽ ሰማታር

*

ጎተንበርግ
ኅዳር 24 ቀን 2017

ለአዴር ሰማታር፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ፤ የአክስቴን ጉልበት አላህ ያሽርልኝ።

የቁም ሣጥኑን ነገር አንብቤ ተናደድኩ። አቧራ ይይዛል! ሰውየውን ባገኘው አቧራውን አስልሰው ነበር።

እምቢታህ ገብቶኛል። ግን አንተ «በምን እቀርጻለሁ» ብለህ ስለጨረስክ ነገሩ መሮ ያጣ ሰው እምቢታ መሰለኝ። በዚህ ጥቅል ሦስት ቀጫጭን መሮዎች ልኬልሃለሁ፣ የመጨረሻው የስንዴ ራስ ያህል ነው። ለራሴም ትንሹን ገዝቻለሁ፤ ለምን እንደገዛሁት አላውቅም፣ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። የምሠራው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው፣ ይህን ታውቃለህ። የማታውቀው፣ በምሳ ሰዓት ሰዎቹ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ ስለ ድርቅና ስለ ጦርነት ብቻ መሆኑን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አዎ፣ ከባድ ነው» ስል ኖርኩ። ሰለቸኝ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር አጠገብ ቆሜ «ይህ የአጎቴ እጅ ነው» ማለት እፈልጋለሁ። የቁርአን ማስቀመጫ አጠገብ ብቆም ስለ ሃይማኖት ይጠይቁኛል። ወፍ አጠገብ ብቆም ስለ ወፏ ይጠይቁኛል።

መምህርህን አልቃወምም፣ አላህ ይዘንለት። አንተው ከራስህ ጋር ተማከር። ካልሆነልህ አልቀየምም። (ትንሽ እቀየማለሁ።) የመቀበያው ቀን እስከ የካቲት መጨረሻ ነው።

ቢላን

*

ድሬ ዳዋ
የካቲት 5 ቀን 2017

ለአዴር ቢላን፣

በአላህ ስም። ረመዳን ሊገባ ነው፣ በሰላም ያድርስሽ። ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ተኝቼ አይደለም።

መሮዎቹ ደረሱ። ወላሂ እንዲህ ያለ ብረት ይዤ አላውቅም። አንድ ቀን ሙሉ ጭኔ ላይ አስቀምጬ አየኋቸው።

ከዚያ መልካ ጀብዱ አንድ በር ልገጥም ሄድኩ። መንገድ ላይ ባጃጁ ቆመ፤ ጅግራዎች ተሰልፈው አስፋልቱን ይሻገራሉ። ጅግራ ሺ ጊዜ አይቻለሁ፣ በልቻለሁም። የዚያን ቀን ግን ነጠብጣቧን አየሁት። ከአንገቷ ሥር ትንንሽ ሆኖ ይጀምርና ወደ ክንፏ ሲወርድ እየሰፋ፣ ረድፉን ሳይለቅ፣ ጭራዋ ላይ እንደገና ይጠባል። እኔ አርባ ዓመት የለፋሁበትን ጌጥ ለብሳ ትሮጣለች። ባለ ባጃጁ «አባባ፣ ወርደህ ልትይዛት ነው?» እያለ ይስቅብኛል።

ቤት ገብቼ ነጠብጣቡን ብቻ ጣውላ ላይ ልሥራ አልኩ፤ ጣውላ ላይ ዓይን የለም ብዬ። ጠፍጣፋ ላይ ሞተብኝ። ጣውላውን ትንሽ አጎበጥኩት፣ ይሻላል። ሌላ ጨመርኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳላውቀው ሆድ ሠራሁ፤ ሆድ ከሠራሁ አንገት፣ አንገት ከሠራሁ ራስና ዓይን ፈለገ። የመጀመሪያዋን በድሪያ አይታ «ማንቆርቆሪያ ናት?» አለችኝ። የሁለተኛዋ አንገት በእንጨቱ መስመር ስላልሄድኩ ተሰነጠቀ። ሦስተኛዋ ክረምት ላይ ከዚራ ከወደቀው የኒም ግንድ ነው የወጣችው። ነጠብጣቡን የሠራሁት በዐብዲሐኪም ዘዴ ነው፦ በደነዘ ምስማር እንጨቱን ወደ ውስጥ ትጫኚዋለሽ፣ ዙሪያውን እጉድጓዱ ወለል ድረስ ትልጊዋለሽ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ታሺዋለሽ። የተጫነው እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ነጥብ ሆኖ ይነሳል። አራት መቶ ስድሳ ነጥብ አላት። እግር የላትም፣ ተቀምጣለች፤ እግር ልሥራ ብል ዘንድሮም አልጨርስ።

አሁን ዋናውን ስሚ። ዐብዲሐኪም አንድ ቀን ታሞ ሳለ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «ምናልባት ዓይን ያለው ነገር ብትሠራ፣ ጉሮሮው ላይ አንድ መስመር ቁረጥ። ያየ ሁሉ ሩሕ የሌለው መሆኑን ያውቃል፤ አንተም ፈጠርኩ አላልክም።» ስለዚህ የጅግራዋ ጉሮሮ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ቀጭን መስመር አለ። ሆን ብዬ የቆረጥኩት ነው፣ ካንቺ በመጣው በትንሹ መሮ። ጉዳት እንዳይመስልሽ፤ ለማርጋሬታም ንገሪያት። እሱ ከሌለ ሥራው የኔ አይደለም።

ሳጥኑ ዛሬ በካርጎ ይሄዳል። ይህን ወረቀት ግን ለጎረቤታችን ለዋርፋ ሰጥቼዋለሁ። ከአራት ቀን በኋላ በጂቡቲ አድርጎ አንቺ ከተማ ይገባል። ከሳጥኑ ቀድሞ ይደርስሻል።

አዴርሽ ሰማታር

*

ጎተንበርግ
መጋቢት 28 ቀን 2017

ለአዴር ሰማታር፣

ዒድ ሙባረክ! አላህ ጾማችሁን ይቀበል። ለዒድ ስደውል አክስቴ ስለ ጉልበቷ ብቻ ነገረችኝ፣ ስላንተ ስጠይቃት «ከእንጨቱ ጋር ነው» አለችኝ።

አዴር፣ ከየት ልጀምርልህ? ሳጥኑ በየካቲት መጨረሻ ደረሰ። ደብዳቤ አለ ብዬ ገለባውን ሁሉ አራገፍኩ፣ የለም። በኋላ ስሰማ ዋርፋ ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ ጂቡቲ ቀርቷል። በእጁ የላክልኝ ነገር ካለ አይጠፋም፣ ሲመጣ እቀበላለሁ።

ጅግራዋን ከጨርቁ ሳወጣት ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህን ካንተ አልጠበቅኩም፤ ተጠራጥሬህ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሰው ስለማልጠብቅ ነው። በመንገድ ትንሽ ነገር ነክቷት ነበር፣ እሱን እኔው አስተካክዬዋለሁ። አሁን ምንም አይታይም፣ አታስብ።

ኤግዚቢሽኑ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከአሥራ አራት አገር ሥራ መጥቶ ሰው የሚከማቸው ያንተው ላይ ነበር። ልጆች ነጠብጣቧን ይቆጥራሉ፣ አንዱም እኩል ቁጥር አያገኝም። በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍቱ ለሁልጊዜ እንድትቀር ጠየቀ፣ እኔም ባንተ ስም እሺ አልኩ። የልጆች ማንበቢያ ክፍል ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጣለች። ከሥሯ «ሰማታር ሽሬ፣ ድሬ ዳዋ» ይላል። የምሳ ሰዓት ሰዎቼን ወስጄ አሳየኋቸው። ማንም ስለ ድርቅ አልጠየቀኝም።

ሁለት ሰዎች ደግሞ እንደሷ ያለች እንድትሠራላቸው ይፈልጋሉ። ምን ልበላቸው?

የምትኮራብህ ቢላን

*

ድሬ ዳዋ
ሚያዝያ 11 ቀን 2017

ለቢላን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ያስተካከልሽው ምኑን ነው? አንገቷን ከሆነ ጻፊልኝ። ካልሆነም ጻፊልኝ። ለሰዎቹ ምንም አትበያቸው።

ይህን ነገር በስልክ ለበድሪያ እንዳታነሺባት።

ሰማታር

*

ጎተንበርግ
ግንቦት 3 ቀን 2017

ለአዴር ሰማታር፣

አላህ ልብህን ያራራልኝ ብዬ እጀምራለሁ፣ ሌላ መጀመሪያ የለኝም።

ዋርፋ ባለፈው ሐሙስ መጣ። የየካቲቱን ደብዳቤህን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሜ አነበብኩት። የኔ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፣ ሌላም መጥቶ ሄደ። ያንተ አጭሯ ወረቀት ደግሞ ቤት ስገባ በሩ ሥር ወድቃ ጠበቀችኝ።

አንገቷ ነው። ያደረግኩትን ሁሉ ልንገርህ። ጨርቁን ስገልጥ ጉሮሮዋ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አየሁ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ከባቡር የሚወርደው ጆንያ ሁሉ ሲቀደድ፣ ፍራሽ ሲተረተር፣ የሳሙና ሣጥን ሳይቀር ሲቆረጥ እያየሁ ነው ያደግኩት። ወዲያው የጉምሩክ ፈታሾች ናቸው አልኩ። ውስጧ የተደበቀ ነገር አለ ብለው በመጋዝ የሞከሯት መሰለኝ። መስመሩ ያን ያህል ቀጥ ብሎ ማንም ሰው በፍቅር የቆረጠው ሊመስለኝ አልቻለም። ብትሰማ ልብህ ይሰበራል ብዬ ዝም ለማለት ወሰንኩ። ስቱኮ ገዛሁ፣ ቡናማና ቀይ ቀለም ለውሼ ከኒሙ ጋር እስኪመሳሰል አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ደፈንኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። አንድ ሙሉ እሑድ ፈጀብኝ። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። ማርጋሬታ «በመንገድ አልተጎዳችም?» ስትለኝ «አልተጎዳችም» አልኳት።

አሁን ምን ይደረግ? የከተማው ንብረት ሆናለች፣ ተቆልፎባታል። ደግሞ ዋሽቻለሁ። አዴር፣ አንተ መስመሩን ቆርጠህ ነው የላክኸው። ኒያህ፣ ሐሳብህ ንጹሕ ነው፣ አላህ ደግሞ የሚያየው ልብን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ እጠየቅበት። ይህ አይበቃም? እባክህ ይበቃል በለኝ።

ቢላን

*

ድሬ ዳዋ
ግንቦት 22 ቀን 2017

ለቢላን፣

ሰላም ላንቺ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። በመጀመሪያው ሰደብኩሽ። በሁለተኛው ይቅር አልኩሽ፣ ግን ውሸቴን ነበር።

አላህ የሚያየው ልብን ነው ብለሻል። ልክ ነሽ፣ የቸገረኝም እሱ ነው። ልቤ ውስጥ ምን እንዳየ ልንገርሽ። ጅግራዋን ጨርሼ መስመሩን ለመቁረጥ ሦስት ቀን ፈራሁ። በድሪያ «ሳጥኑን ለምን አታሽገውም?» ስትለኝ መሮው አልተሳለም አልኳት። ተስሎ ነበር። ያን ያህል አምራብኝ ነበር። የትም ብቀመጥ ዓይኗ ይከተለኛል። እኔ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የሠራሁት ቅጠልም ኮከብም የዐብዲሐኪም ነው፣ እኔ እጁ ነበርኩ። የኔ የምላት እሷ ብቻ ናት። ልተወው፣ ስዊድን ውስጥ ማን ያውቅብኛል አልኩ። አዎ፣ ይህን አስቤአለሁ። በሦስተኛው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ትንፋሼን ይዤ በአንድ ምት ቆረጥኩ። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ሽማግሌ ሰው ለእንጨት።

አንቺ የደፈንሽው እኔ ልተወው የተመኘሁትን ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት አይደለም። ደስ አለኝ። ጅግራዬ ሙሉ ሆና በመስታወት ውስጥ ተቀምጣለች፣ ስሜ ከሥሯ አለ፣ ጥፋቱ ደግሞ የቢላን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ንዴቱ የመጣው ቆይቶ ነው፣ እሱም በራሴ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ መሮ አልያዝኩም። በድሪያ እጄን ያመመኝ መስሏት ማታ ማታ ቅባት ታሸኛለች። ዝም ብዬ እታሻለሁ።

ስለዚህ አይበቃም። ጅግራዋ ትመለስልኝ አልልም፣ እዚያው ትኑር። መስመሯ ይመለስ። እምቢ ካሉሽ ስሜን ከሥሯ አንሺልኝ። ስሜ ተጽፎ ለማየት ምን ያህል እንደለፋሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንሺልኝ።

አናጺ አትቅጠሪ። አንቺ ደፍነሻል፣ አንቺ ቁረጪ። ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ ያልሽውን መሮ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ከጫፉ አጠገብ ያዢው። አትጫኚ። እንጨቱ ከስቱኮው ስለሚጠነክር መሮው ራሱ መንገዱን ያገኘዋል። ቢስሚላህ በይና ጀምሪ።

ሰማታር

*

ጎተንበርግ
ሰኔ 20 ቀን 2017

ለአዴር ሰማታር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዓረፋ እንዴት አለፈ? እኔ እንኳን አልቀመስኩትም።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ከሥራ ወጥቼ ማርጋሬታ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ መምህርህ፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ፈታሾቹ፣ «አልተጎዳችም» ስላልኳትም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። እሷ ብቻዋን ልትወስን ስለማትችል ከበላይ መጠየቅ ነበረባት፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። በየቀኑ እምቢ ቢሉ ስምህን እንዴት እንደማነሳ አስብ ነበር። ስምህ ያለባትን ወረቀት በጥፍሬ ስልጥ በሕልሜ አየሁ።

እሺ አሉ። ማርጋሬታ የነገረችኝ፣ ሥራው መቼ እንዳለቀ የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው ተባብለው እንደተስማሙ ነው።

ሰኞ ዝግ በሆነበት ቀን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥናት። ማርጋሬታ ጓንት አድርጋ ሆዷን ያዘችልኝ። ቢስሚላህ አልኩ። ፈርቼ መሮውን ከጫፉ አጠገብ ያዝኩት። እንዳልከኝ አልተጫንኩም። ስቱኮው እንደ ደረቀ ሊጥ እየተፈረፈረ ወጣ፣ ከሥሩ ያንተ መስመር ጥርት ብሎ ታየኝ። ደስ ብሎኝ ቸኮልኩ መሰለኝ፣ ልጨርስ ስል በግራ በኩል መሮው አመለጠኝ። ከመስመሩ ወጥቶ ያልተነካውን እንጨት የጥፍር ያህል ቀደደው። ማርጋሬታ አየችውና «እሱን እንድፈነው?» አለችኝ። ሁለታችንም መሳቅ ጀመርን፤ ሳቁ እኔ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

ጽሑፉ ተለውጧል። አሁን ከስምህ ቀጥሎ ጉሮሮዋ ላይ ያለው መስመር የሥራው አካል መሆኑንና ለምን እንደተቆረጠ ይናገራል። ጅግራ ካዘዙት ሁለት ሰዎች አንዱ ነገሩን ሲሰማ «ይቅርብኝ፣ ያስፈራል» አለ። ሌላዋ እንደዚሁ ከነመስመሯ እፈልጋለሁ አለች። ፎቶዋን አሳትሜ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ያበላሸሁትን አልደበቅኩም፣ ከቅርብ ነው ያነሳሁት። የፈለግከውን በለኝ።

ቢላን

*

ድሬ ዳዋ
ነሐሴ 6 ቀን 2017

ለአዴር ቢላን፣

አላህ እድሜሽን ያርዝምልኝ። ዘገየሁብሽ፣ ሙቀቱ ወገቤን ቆረጠው። ዓረፋ ደህና አለፈ፣ በድሪያ ያንቺን ድርሻ ሥጋ ለጎረቤት ሰጥታልሻለች።

ፎቶውን በማጉያ መነጽር አየሁት። መስመርሽ ጠማማ ነው። ያመለጠሽ ቦታ ላይ ዐብዲሐኪም ቢኖር መዶሻውን ይወረውርብሽ ነበር። እኔ ግን ብዙ ቀን አየሁት። የኔ መስመር ቀጥ ያለ ነበር። እውነቱን ከተነጋገርን፣ ቆርጬ ስጨርስ መስመሩንም ወደድኩት፤ እጄን እዩልኝ የሚል መስመር ነበር። ያንቺ እንዲህ አይልም። ፈርቶ የቆረጠ ሰው መሆኑ ይታያል። ስሜ ከሥሯ ይቀመጥ፣ ያንቺንም ጨምሪበት።

ተቀይሜሽ ነበር። አሁን አልተቀየምኩም። ቂም ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ያለኝን ጉልበት ለእንጨት አውዬዋለሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን መሮ ያዝኩ። ለሴትየዋ የምትሆነውን ጅግራ ጀመርኩ፣ ከዚያው ከኒሙ ግንድ። ይህችኛዋ አንገቷን ዘወር አድርጋ ወደ ኋላ ታያለች፣ የሚከተላት እንዳለ። ክንፏ ሥር ያለውን ነጠብጣብ ከዐብዲሐኪም አልተማርኩትም፤ ራሴ ያገኘሁት ነው፣ እንዴት እንደሆነ ስትመጪ አሳይሻለሁ። ካለቀች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። የቀራት መስመሩ ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት መሮውን አነሳለሁ። ከዚያ አያታለሁ፣ ታየኛለች፣ አስቀምጠዋለሁ። ትናንት ለበድሪያ ሁሉንም ነገርኳት፣ ያንቺንም የኔንም። ሰደበችኝ። «ይህን ያህል ጊዜ እጅህን በከንቱ ሳሽልህ ነበር?» አለችኝ። ቀጥላም «ወዲህ በለው፣ እኔ እቆርጠዋለሁ» ብላ መሮውን ተቀበለችኝ። ጅግራዋን ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ትንሽ ቆየችና መሮውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ ወደ ጓዳ ገባች። ወጥታም ስለ ምሳ አወራችኝ።

በሚመጣው ዕረፍትሽ ነይ። ልብስም መድኃኒትም አታምጪ፣ ምንም አያስፈልገንም። ጅግራዋ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጌባታለሁ፣ እስክትመጪ አልገልጣትም። አንቺ ትቆርጪያታለሽ። እኔ አልችልም፣ አዴር።

ሰማታር